አረንጓዴ ቃልና ተዓማኒነቱ፦ ከብራይተን እስከ ሁምቦ

(በወላይታ ሶዶ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች ክፍት በነበረ መርሐ ግብር የቀረበ ገለጻ ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ገለጻዬ በአንድ ጥያቄ ሊጠቃለል ይችላል። «አረንጓዴ ነኝ» የሚል የፖለቲካ ኃይል መቼ ይታመናል? ጥያቄው በብሪታንያ ፖለቲካ ውስጥ ለአምሳ ዓመታት ያህል ሲያከራክር የኖረ ነው። እኛ ዘንድ በዚያ መልኩ ተነሥቶ አያውቅም። ያልተነሣው ግን ጉዳዩ ስለማይመለከተን አይደለም። በእኛ አገር አረንጓዴነት የተቃዋሚ ፓርቲ መለያ ሳይሆን የመንግሥት ቀለም በመሆኑ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የብሪታንያውን ክርክር በአጭሩ አቀርባለሁ፤ ቀጥዬም ወደ ሁምቦ ኮረብታዎች፣ ወደ ጊቤ ሦስት ግድብና ወደ አረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር እመለሳለሁ። በመጨረሻም አረንጓዴ ቃልን ለመመዘን ይረዳሉ የምላቸውን አራት መስፈርቶች አስቀምጣለሁ።

የብሪታንያው ክርክር

የብሪታንያ አረንጓዴዎች ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። በጥቂት ሰዎች የተመሠረተው ማኅበር በኋላ የሥነ ምኅዳር ፓርቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ አረንጓዴ ፓርቲ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1989 በተካሄደው የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ከ2 ሚሊዮን በላይ መራጮች፣ ማለትም ወደ 15 በመቶ የሚጠጉት፣ ድምፃቸውን ሰጡት። ይሁን እንጂ አንድም መቀመጫ አላገኘም። ምክንያቱም በየምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣ ብቻ የሚያሸንፍበት ሥርዓት በመላ አገሪቱ የተበተነ ድምፅን ይቀጣል። የእኛም የምርጫ ሥርዓት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት ከዚሁ ቤተሰብ መሆኑን ልብ ይሏል። ፓርቲው በብሪታንያ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት የመጀመሪያውን መቀመጫ ያገኘው ከዚያ ሃያ አንድ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ካሮላይን ሉካስ በብራይተን ስትመረጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 7 በመቶ የሚጠጋ ድምፅ አግኝቶ ከ650 መቀመጫዎች አራቱን ወሰደ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚነሣባቸው ጥያቄ አልተለወጠም፤ «ዓላማችሁ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ግን ማስተዳደር ትችላላችሁን?» የሚል ነው። ጥያቄው በእውነት የተፈተነው ሥልጣን በያዙባቸው ስፍራዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በብራይተን ከተማ ምክር ቤት ትልቁ ፓርቲ ሆነው አስተዳደሩን ተረከቡ። በ2013 ከሠራተኞች ክፍያ ጋር በተያያዘ ውዝግብ የቆሻሻ አንሺዎች አድማ ተነሣ፤ ስለ ምድር ጽዳት የሚሰብከው ፓርቲ በሚያስተዳድረው ከተማ ቆሻሻ በየመንገዱ ተከመረ። በ2015 መራጩ ከአስተዳደሩ አወረዳቸው። በስኮትላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 የስኮትላንድ አረንጓዴዎች ከገዢው ፓርቲ ጋር ስምምነት ፈጽመው የሚኒስትርነት ቦታ ያዙ። የመጠጥ ጠርሙስን በመያዣ ገንዘብ የማስመለስ ዕቅዳቸው ተራዝሞ ተራዝሞ በ2023 ቆመ። በሚያዝያ 2024 መንግሥቱ የ2030 የልቀት ቅነሳ ግቡን ሊያሳካ እንደማይችል ገልጾ ሲተወው እነርሱ በመንግሥቱ ውስጥ ነበሩ። በዚያው ወር ስምምነቱ ፈረሰ።

ሦስተኛው ምሳሌ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። በምሥራቅ እንግሊዝ ከባሕር ላይ የነፋስ ማመንጫዎች ኃይል የሚያጓጉዝ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ሊዘረጋ ሲታቀድ፣ በዚያ አካባቢ የተመረጠው የአረንጓዴ ፓርቲ እንደራሴ ሌሎች አማራጮች እስኪጠኑ ዕቅዱ እንዲቆም ጠየቀ። ተቺዎቹ «ንጹሕ ኃይል ትፈልጋላችሁ፤ የሚሸከመውን ምሰሶ ግን በደጃችሁ አትፈልጉም» አሉ። ደጋፊዎቹ ደግሞ የአካባቢው ነዋሪ ድምፅ መደመጥ የአረንጓዴ ፖለቲካ መሠረት ነው ሲሉ መለሱ። ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አለ።

ከዚህ ክርክር የምወስደው ትምህርት ይህ ነው፤ የብሪታንያ አረንጓዴዎች ተዓማኒነታቸው የሚመዘነው በተጠያቂነት ነው። ሲያጠፉ ይወቀሳሉ፤ ሲወቀሱ ድምፅ ያጣሉ፤ ድምፅ ሲያጡ ይሰማቸዋል። አለመታመናቸውም ሆነ መታመናቸው የሚመዘገብበት መዝገብ አለ።

እኛ ዘንድ አረንጓዴ ማን ነው?

በኢትዮጵያ ስለ አካባቢ ጥበቃ ከሁሉ በላይ የተሰማው ድምፅ ከፓርቲ አልመጣም። የመጣው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ለረጅም ዓመታት በመሩበት ጊዜ፣ በልውጥ ሕያዋን ደኅንነት ላይ በተደረጉት ዓለም አቀፍ ድርድሮች የአፍሪካ ቀዳሚ ቃል አቀባይ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2000ም «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝተዋል። ሕጎቻችንም ደካማ አይደሉም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ደንግጓል። በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ሲነደፍና ሲፈጸም ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይገልጻል። በ1995 ዓ.ም. የወጡት አዋጅ ቁጥር 299 ስለ አካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ፣ አዋጅ ቁጥር 300 ስለ ብክለት ቁጥጥር ደንግገዋል። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ይፋ ሆነ። የስትራቴጂው ግብ እ.ኤ.አ. በ2030 የአገሪቱ ልቀት በነበረው አካሄድ ሊደርስ ከሚችለው 400 ሚሊዮን ቶን ይልቅ ከ150 ሚሊዮን ቶን ሳያልፍ ዕድገት ማስመዝገብ ነበር።

ታዲያ ይህን አጀንዳ ከመንግሥት ነጥቆ ወይም ከመንግሥት ቀድሞ የሚሟገት ጠንካራ የምርጫ ተፎካካሪ ለምን አልወጣም? ሦስት ምክንያቶች ይታዩኛል።

አንደኛው የፖለቲካችን መሠረታዊ መስመር ነው። ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ፓርቲዎች የተደራጁት በማንነት፣ በራስ አስተዳደርና በመንግሥት ቅርጽ ጥያቄ ዙሪያ ነው። የወላይታ ሕዝብ ራሱ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የፖለቲካ ጉልበቱን ያዋለው በክልልነት ጥያቄ ላይ ነበር። ጥያቄው እስርንና የሰው ሕይወትን አስከፍሏል። በ2015 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ የወላይታ ዞን ውጤት ተሰርዞ በሰኔ ወር ዳግመኛ ድምፅ ተሰጥቷል። በዚያው ዓመት ማብቂያ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ሶዶም የክልሉ ዋና ከተማ ሆነች። ይህን የመሰለ ጥያቄ በሚነድድበት ምድር ስለ ደንና ስለ ወንዝ ፓርቲ ለማቋቋም የሚነሣ ሰው ጥቂት ደጋፊ ቢያገኝ የሚገርም አይሆንም።

ሁለተኛው የሲቪል ማኅበራት ታሪክ ነው። በብሪታንያ አረንጓዴ ፓርቲ ያደገው በብዙ የአካባቢ ማኅበራት አፈር ላይ ነው። በእኛ አገር ከ2001 እስከ 2011 ዓ.ም. በሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብትና በዴሞክራሲ ጉዳዮች ላይ እንዳይሠሩ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ ችግኝ የሚያፈላ ድርጅት በዛ፤ «ይህ ግድብ ሕጉን ተከትሏልን?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አነሰ። አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተተክቷል፤ የአሥር ዓመት ልማድ ግን በአንድ ቀን አይለወጥም።

ሦስተኛው መንግሥት ራሱ አረንጓዴውን ካባ መልበሱ ነው። ችግኝ የሚተክልን መንግሥት መቃወም ዛፍን መቃወም ይመስላል። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ብልጽግና ፓርቲ ውድድር ከተካሄደባቸው 436 መቀመጫዎች 410 ያህሉን አሸንፏል። እንዲህ ባለ ምክር ቤት ውስጥ የአረንጓዴ ፖሊሲ ፈታኝ ጥያቄ ከየት ይመጣል?

አረንጓዴ ቀለም ሊያሳስት ይችላል

ወደ ዋናዎቹ ጉዳዮች ከመግባቴ በፊት አንድ የወላይታን ልዩ ልምድ ላንሣ። የዓለም የእርዳታ ድርጅቶች መዝገበ ቃላት ውስጥ «አረንጓዴ ረሃብ» የሚል ስም አለ። ስሙ በ1995 እና በ2000 ዓ.ም. ከዚህ አካባቢ ጋር ተያይዞ ተደጋግሞ ተጽፏል። ዝናብ ዘንቦ ምድሪቱ ለምልማ፣ እንሰቱና ሳሩ ቆሞ እያለ ሕፃናት በምግብ እጥረት ይጎዱ ነበር። የበልጉ ዝናብ ዘግይቶ ወይም ተቋርጦ የስኳር ድንችና የበቆሎ ምርት ይጠፋል፤ ዘግይቶ የመጣው ዝናብ መሬቱን ያለብሳል፤ ሆድን ግን አይሞላም። የመሬቱ ይዞታ በጣም ጠባብ በመሆኑ አንድ ወቅት ያመለጠው ቤተሰብ የሚተካበት የለውም።

ይህን የማነሣው ለምሳሌነት ብቻ አይደለም። የወላይታ ገበሬ ከማንኛውም የብሪታንያ መራጭ በፊት አረንጓዴ መልክ የሕይወት ዋስትና እንዳልሆነ በአካሉ ያውቃል። ስለዚህ አረንጓዴ ቃል ይዞ ወደ እርሱ የሚመጣ ሁሉ የሚጠየቀው «ይለመልማል ወይ?» ተብሎ ብቻ አይደለም፤ «ማንን ይመግባል?» ተብሎም ነው።

ሁምቦ፦ ቃል ሲታመን

ከሶዶ በስተደቡብ በሁምቦ ወረዳ የሚገኙት ኮረብታዎች ለማገዶ፣ ለከሰልና ለግጦሽ ሲባል ተራቁተው፣ ጎርፍ አፈራቸውን ወደ ታች እያጠበ የሚወስድባቸው ነበሩ። በ1998 ዓ.ም. ወርልድ ቪዥን ከዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ ጋር በመሆን 2,728 ሄክታር የሚሆነውን መሬት መልሶ የማልማት ሥራ ጀመረ። ዘዴው በአመዛኙ አዲስ ችግኝ መትከል አልነበረም። ከመሬት በታች ሥራቸው ያልሞተ የአገር በቀል ዛፎች ጉቶዎች ነበሩ። እነርሱን ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ከልሎ፣ ከሚያቆጠቁጡት ቅርንጫፎች ጠንካራዎቹን መርጦ፣ ሌላውን ገርዞ ማሳደግ ነበር ሥራው። ይህን አሠራር በኒጀር ያስፋፋው አውስትራሊያዊው ቶኒ ሪናውዶ እ.ኤ.አ. በ2018 ዶክተር ተወልደን ያከበረውን ያንኑ ሽልማት አግኝቷል።

በመጀመሪያ ነዋሪው አላመነም። መሬታችንን ሊወስዱብን ነው የሚል ሥጋት ነበር። ሥጋቱን አላዋቂነት ማለት ስሕተት ይሆናል። በዘውዱ ዘመን ጭሰኛ፣ በደርግ ዘመን የመንደር ምሥረታ ተገዢ የነበረ፣ ዛሬም በሕገ መንግሥቱ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ የሆነበት ገበሬ፣ ኮረብታው ሲከለል መጠርጠሩ የታሪክ ዕውቀት ነው።

ጥርጣሬውን የለወጠው ንግግር አልነበረም። ሦስት ነገሮች ናቸው። ነዋሪዎቹ በሰባት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው በደኑ የመጠቀም መብታቸው በሕጋዊ ሰነድ ተረጋገጠ። ከብቶች እንዳይገቡ ቢከለከልም ሣሩን አጭዶ መውሰድ፣ የሚገረዘውን እንጨት ለማገዶ ማዋል ተፈቀደ፤ ጥቅሙም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ታየ። ሦስተኛው የካርቦን ሽያጩ ነው። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት አሠራር ተመዘገበ፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስቀራል ተብሎ ተገምቷል። ከዚህ ውስጥ 165,000 ቶኑን ባዮካርቦን ፈንድ ለመግዛት ተስማማ። ገቢው ለማኅበራቱ ገብቶ እንደ እህል ወፍጮና መጋዘን ላሉ የጋራ ሥራዎች ውሏል።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ በጥሞና እንዲያስቡበት የምሻው አንድ ቴክኒካዊ ነጥብ አለ። በዚያ አሠራር ለደን የሚሰጠው የካርቦን የምስክር ወረቀት ጊዜያዊ ነበር። ዛፍ ሊቃጠል፣ ሊቆረጥ ይችላልና ገለልተኛ መርማሪ በየአምስት ዓመቱ እየመጣ ዛፉ መኖሩን ማረጋገጥ ነበረበት፤ ካልተረጋገጠ ወረቀቱ ዋጋ ያጣል። ይህ ጊዜያዊነት ገዢዎችን አሸሽቷል፤ የአውሮፓ የካርቦን ገበያም እንዲህ ያለውን ወረቀት አልተቀበለም። ከገበያ አንጻር ድክመት ነበር። ከፖለቲካ አንጻር ስናየው ግን ትልቅ ቁም ነገር ይዟል፤ እምነት በየአምስት ዓመቱ የሚታደስ እንጂ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚቀር ስጦታ አለመሆኑን ይናገራል። ምርጫንም በየአምስት ዓመቱ የምናካሂደው በዚሁ ምክንያት አይደለምን?

ሁምቦ እንከን የለሽ አይደለም። የካርቦን ገቢው ከደኑ ስፋት አንጻር አነስተኛ ነው፤ የራሱን ብክለት ሳይቀንስ የእኛን ዛፍ ለሚገዛ የውጭ ባለ ኢንዱስትሪ ማስተሰረያ ይሆናል የሚለው ትችትም መልስ የሚገባው ነው። ከዚህም ሌላ ኮረብታው ሲዘጋ የግጦሽ መሬት የሌለው የድሃ ድሃ ከሌላው ይበልጥ ይጎዳል። ነገር ግን እነዚህን ትችቶች ማቅረብ የቻልነው የተቆጠረና የተጻፈ ነገር በመኖሩ ነው።

ጊቤ ሦስት፦ ንጹሕ ኃይልና ያልተጠየቀ ጥያቄ

ከሁምቦ ወደ ምዕራብ፣ ወላይታንና ዳውሮን በሚለየው የኦሞ ሸለቆ ውስጥ ጊቤ ሦስት ቆሟል። ከፍታው ወደ 243 ሜትር፣ የማመንጨት ዐቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ነው። በ1998 ዓ.ም. ግንባታው ተጀምሮ ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ከሰል ወይም ናፍጣ ሳያቃጥል የሚያመነጨው ኃይል የአገሪቱን የብርሃን ችግር በእጅጉ እንዳቃለለ መካድ አይቻልም። በአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂያችን ውስጥ የውኃ ኃይል ዋና ምሰሶ ነው።

ይሁን እንጂ የአዋጅ ቁጥር 299 መንፈስ ግልጽ ነው፤ ግምገማ ይቀድማል፤ ሥራ ይከተላል። በጊቤ ሦስት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው የጸደቀው ግንባታው ከተጀመረ በኋላ ነበር። የኦሞን ዓመታዊ ሙላት ተከትለው በወንዙ ዳር የሚያርሱት የዳሰነች፣ የኛንጋቶም፣ የካራና ሌሎች ሕዝቦች ሙላቱ እንደሚተካላቸው፣ ሰው ሠራሽ ጎርፍ እንደሚለቀቅላቸው ተነግሯቸው ነበር። የተለቀቀው እንዳልበቃ እነርሱም ተመራማሪዎችም ሲናገሩ ቆይተዋል። የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2018 የቱርካና ሐይቅ ብሔራዊ ፓርኮችን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስገብቷል። ከምክንያቶቹ ዋነኛው የኦሞ ወንዝ ፍሰት መለወጥ ነው።

እንግዲህ ወደ እንግሊዙ ምሰሶ ልመለስ። ከዚህች ከተማ አጠገብ ካለው የኃይል መቀየሪያ ጣቢያ ተነሥቶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋ 500 ኪሎ ቮልት መስመር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ንጹሕ ኃይላችን በዚህ መስመር ለጎረቤት ይሸጣል። ለአገር የውጭ ምንዛሪ፣ ለኬንያ ደግሞ ንጹሕ ብርሃን ነው፤ መልካም ነገር ነው። በአገሪቱ ግን ዛሬም ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋው ኤሌክትሪክ የለውም፤ የገጠሩ ቤተሰብ የሚያበስለው በእንጨት ነው። ሽቦው በጣሪያው ላይ የሚያልፍበት ገበሬ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ቢል ማን ይወቅሰዋል? የማገዶውም ጥያቄ ተመልሶ ወደ ሁምቦ ኮረብታዎች ይወስደናል፤ እናቶች የሚያበስሉበት ሌላ ኃይል እስካላገኙ ድረስ በጉቶ ላይ ያቆጠቆጠ ደን ሁልጊዜ ምሳርን ይጠብቃል።

በምሥራቅ እንግሊዝ ነዋሪው ምሰሶውን ተቃወመ፤ እንደራሴውም ድምፁን አሰማ፤ አገር ሁሉ ተከራከረበት። በዚህ ምድር መስመሩ ሲዘረጋ እንዲህ ያለ ክርክር አልሰማንም። የእንግሊዙ ነዋሪ ትክክል ነበር ማለቴ አይደለም። የእኛ ዝምታ ግን የስምምነት ማረጋገጫ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

አረንጓዴ አሻራ፦ የተተከለና የጸደቀ

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኞች መተከላቸውን መንግሥት አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ችግኝ እንደሚተከል ይገለጻል፤ የጽድቀት መጠኑም ከ80 በመቶ በላይ እንደሆነ ባለሥልጣናት በተለያየ ጊዜ ተናግረዋል። ዘመቻው ያመጣውን በጎ ነገር ዝቅ አድርጌ አላየውም። ሚሊዮኖች ለአንድ የጋራ ሥራ ወጥተዋል፤ በየወረዳው የችግኝ ጣቢያ ተስፋፍቷል፤ ዛፍ መትከል የዜግነት ምልክት ሆኗል።

ነገር ግን የተተከለውን ማን ቆጠረ፣ የጸደቀውንስ ማን አረጋገጠ? ዘማቹም ቆጣሪውም መርማሪውም አንድ አካል ከሆነ ቁጥሩ እውነት ቢሆን እንኳ ለማመን ያስቸግራል። ጉዳቱ ይህ ነው፤ ገለልተኛ ምርመራ የሌለው መንግሥት እውነት ሲናገርም የሚያምነው ያጣል። በሁምቦ 2,728 ሄክታር ላይ የውጭ መርማሪ በየጊዜው ይመጣ ዘንድ ግድ ከሆነ፣ ከዚያ በሺሕ እጥፍ ለሚሰፋ መርሐ ግብር ይህ ለምን ይበዛበታል?

ተቋሙም የራሱን ታሪክ ይናገራል። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በ2005 ዓ.ም. የአካባቢና ደን ሚኒስቴር ሆነ፤ ቀጥሎም የአየር ንብረት ለውጥ የሚል ስም ተጨመረለት፤ በ2011 ዓ.ም. ወደ ኮሚሽን ወረደ፤ በ2014 ዓ.ም. ተመልሶ ባለሥልጣን ሆነ። በአሥር ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ስሙና ደረጃው የተለወጠ ተቋም ከራሱ በላይ ጡንቻ ያላቸውን ሚኒስቴሮች «ቁሙ፤ ግምገማው አላለቀም» ሊል የሚችልበት ድፍረት ከየት ያገኛል?

ጉዳዩ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የተከሰተው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ቀብሯል። ከሁለት ሳምንት በኋላም በዚሁ በወላይታ፣ በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ፣ ተመሳሳይ አደጋ ከአሥር በላይ ሰዎችን ገድሏል። መንሸራተት ብዙ ምክንያት አለው፤ ኃይለኛ ዝናብ፣ የተራራው አቀማመጥ፣ የአፈሩ ዓይነት። ከዚያ ጋር ግን ሕዝብ በበዛበትና መሬት በጠበበበት አገር ተዳፋቱ መታረሱና መራቆቱ አብሮ ይቆጠራል። በእንዲህ ያለ ተዳፋት ላይ ዛፍ «ጸድቋል» የሚል ሪፖርት ሐሰት ከሆነ የሚከፈለው ዋጋ የመራጭ ድምፅ አይደለም።

ሁለት ተቃውሞዎች

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «ድሃ አገር ይህን ሁሉ ጥያቄ ለመጠየቅ ቅንጦት የለውም፤ ግድቡ ቢዘገይ ኖሮ በጨለማ እንቀር ነበር» ይላል። ክብደት ያለው ሐሳብ ነው። ብሪታንያ ራሷ ደኖቿን ጨርሳ፣ ከሰሏን ለሁለት መቶ ዓመት አቃጥላ ከበለጸገች በኋላ ነው አረንጓዴ ፓርቲ ያበቀለችው። ሆኖም የሁምቦ ልምድ የሚያሳየው ሌላ ነው። ሥራው የተፋጠነው ነዋሪው ተጠይቆ፣ መብቱ ተጽፎ፣ ጥቅሙ ከታወቀ በኋላ ነው። ቀድሞ መጠየቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ሳይጠይቁ መሥራት ግን ኋላ ላይ ከዚያ የበለጠ ጊዜና ዋጋ ያስከፍላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሌላው ወገን ይመጣል፤ «መንግሥት የያዘው አረንጓዴ አጀንዳ ሁሉ ማስመሰያ ነውና እውነተኛ አረንጓዴ ፓርቲ ያስፈልገናል» የሚል ነው። ፓርቲ የመመሥረት መብት የማንም ነው። ግን የብራይተንና የስኮትላንድ ታሪክ እንደሚያሳየን አረንጓዴ ስም የያዘ ፓርቲም ያስተዳድራል፤ ሲያስተዳድርም ሊሳሳት፣ ግቡን ሊተው ይችላል። የጎደለን ስም ብቻ ቢሆን ኖሮ መፍትሔው ቀላል ነበር። የጎደለን ማንም ሥልጣን ቢይዝ ቃሉን የሚመረምር ሥርዓት ነው።

አራት መስፈርቶች

ስለዚህ አረንጓዴ ቃል የሚሰጥ ፓርቲም ሆነ መንግሥት፣ ድርጅትም ሆነ ኩባንያ፣ በእነዚህ አራት ጥያቄዎች ቢመዘን እላለሁ።

አንደኛ፣ ማን ቆጠረው? ቁጥሩን ያወጣው አካልና ያረጋገጠው አካል የተለያዩ ናቸውን?

ሁለተኛ፣ ማን ከፈለበት? ኮረብታው ሲዘጋ ከብቱን የሸጠው፣ ግድቡ ሲሞላ እርሻውን ያጣው ማን ነው? በአንቀጽ 44 የተደነገገው ካሳ ደርሶታልን?

ሦስተኛ፣ ማን ተጠቀመበት? ካርቦኑ የተሸጠለት፣ ኃይሉ የደረሰው፣ ጥላው ያረፈበት ማን ነው?

አራተኛ፣ ቃሉ ቢፈርስ ማን ይጠየቃል? ለመጠየቅስ በር አለን? ምርጫ፣ ፍርድ ቤት፣ ነፃ ጋዜጣ፣ የቀበሌ ስብሰባ፤ ከእነዚህ የትኛው ይከፈታል?

በእኔ ምዘና ሁምቦ በአንደኛውና በሦስተኛው ጥያቄ በአመዛኙ ያልፋል፤ በሁለተኛው ላይ ግን ገና ጥናት ይሻል። ጊቤ ሦስት ኃይል በማመንጨቱ የገባውን ቃል ፈጽሟል፤ በሁለተኛውና በአራተኛው ይወድቃል። አረንጓዴ አሻራ ደግሞ አንደኛውን ጥያቄ እስኪመልስ ድረስ ሌሎቹን መመዘን አይቻልም። የብሪታንያ አረንጓዴዎች በብዙ ነገር ቢወድቁም አራተኛውን ጥያቄ ሳይወዱ በግድ ያልፋሉ፤ መራጩ ስለማይለቃቸው ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ይህ ሥራ የሌላ አገር ምሁራን እስኪመጡ የሚጠበቅ አይደለም። የዳሞታ ተራራ ከዚህ አዳራሽ ደጃፍ ይታያል። በተዳፋቱ ላይ ባለፉት ዓመታት የተተከለውን አንድ ሄክታር መርጣችሁ፣ ምልክት አድርጋችሁ፣ በየዓመቱ በተመሳሳይ ወር ብትቆጥሩና ውጤቱን ብታሳትሙ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ማንም ሊያስተባብለው የማይችል መዝገብ ይኖራችኋል። የሕግ ተማሪዎች በዞኑ የተሠሩ ፕሮጀክቶች የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነዶችን ጠይቃችሁ፣ የጸደቁበትን ቀንና ሥራው የተጀመረበትን ቀን ጎን ለጎን አስቀምጡ። የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች ከተከለለ ኮረብታ አጠገብ የሚኖሩ ከብት አልባ ቤተሰቦች ከክለላው በኋላ ማገዶ ከየት እንደሚያመጡ ጠይቁ። ቁጥራችሁ መንግሥት ከሚያወጣው ጋር ቢገጥም የመንግሥት ቃል ይጠነክራል፤ ባይገጥም ደግሞ ስሕተቱ ተዳፋቱ ከመናዱ በፊት ይታወቃል። በሁለቱም መንገድ ተጠቃሚው ሕዝብ ነው።

 አሁን ለጥያቄና ለውይይት መድረኩን እለቅቃለሁ።